እንጀራ ጋጋሪዋና ሆቴሉ፦ ወደ መስክ ለሚወጡ የንግድ ሥራ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

(ይህ ንግግር በሐዋሳ ለንግድ ሥራ አመራርና ለሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች፣ ወደ መስክ ሊሰማሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ያደረግሁት ነው። እዚህም እዚያም ትንሽ መደጋገም ከማውጣቴ በቀር በአዳራሹ እንደተናገርሁት አቅርቤዋለሁ።)

የተከበራችሁ የኮሌጁ ኃላፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወላጆችና የድርጅት ባለቤቶች፣ ከሁሉም በላይ እናንተ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ከኋላ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። እጃችሁን ስላወዛወዛችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ የምቀመጠው እዚያው መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሰው ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ ስለማውቅ አልፈርድባችሁም።

የተጠራሁት ስለ መስክ ትምህርት እንድናገር ነው። ሰኞ ትወጣላችሁ። በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ግማሻችሁ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ቡና ማጠቢያና መጋዘን ትጎበኛላችሁ። የቀራችሁት ደግሞ "የማኅበረሰብ አገልግሎት" በሚለው ሥር እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ እናቶች፣ ለጉልት ነጋዴዎችና ለዕድሮች የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ታስተምራላችሁ። እኔ ሦስት ነገር ልናገር አስቤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ጉብኝት እያልን ምን ስንሠራ እንደኖርን። ሁለተኛ፣ አገልግሎት ስንል ማን ማንን እንደሚያገለግል። ሦስተኛ፣ ሁለቱን ለያይተን በመያዛችን ስላጣነው ነገር። ሰዓት ካጠረኝ ከሁለቱ እቆርጣለሁ እንጂ ከሦስተኛው አልቆርጥም።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያውን የፋብሪካ ጉብኝቴን ያደረግሁት በ1986 ዓ.ም. ነው። አውቶቡስ ተከራይተን ማለዳ ተነሣን። ጥበቃው ስማችንን አንድ በአንድ ሲመዘግብ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከዚያ ሥራ የበዛባቸው አንድ ኃላፊ መጥተው በማሽኖቹ መካከል ይመሩን ጀመር። እያንዳንዱ ማሽን ዘንድ ሲደርሱ ቆም ብለው ያስረዳሉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ የሚሉት ግን አይሰማም፤ ማሽኑ ይጮኻል። እኛም እንደገባው ሰው ራሳችንን እየነቀነቅን በደብተራችን ላይ እንጽፋለን። ምን እንደጻፍን እግዚአብሔር ይወቀው። በመጨረሻ ለስላሳ ታደለን፣ በሩ ላይ ተሰልፈን ፎቶ ተነሣን፣ ተመለስን።

ሪፖርት አቅርቡ ተባልን። በመኝታ ክፍላችን ካለፈው ዓመት ተማሪዎች የተረፈ ሪፖርት ነበረ። ገለበጥነው። የሠራተኛውን ቁጥር ሳይቀር ገለበጥነው። "በዚህ ዓመት" የሚለውን እንኳ አልነካነውም። ከ20 ነጥብ 18 አገኘን። ሁለቷ ነጥብ የተቀነሰችው በእጅ ጽሑፋችን ምክንያት ነው።

ትስቃላችሁ። እስኪ እውነቱን እንነጋገር፤ ዛሬ ምን ተለውጧል? ፎቶው በስልክ ሆነ። ሪፖርቱ በኮምፒውተር ሆነ። ለስላሳው ያው ነው። ከጉብኝት የተመለሰን ተማሪ "ምን አየህ?" ብዬ ጠይቄ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ "በጣም ትልቅ ነው" የሚል ነው። ትልቅነቱንማ ከመንገድ ላይም ታየዋለህ፤ ለዚህ አውቶቡስ መከራየት ያስፈልጋል?

ነገሩ በአገራችን አዲስ እንዳይመስላችሁ። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከተከፈተ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ንግድን በወንበር ላይ ስናስተምር ኖረናል። ያኔ የተፈለገው ለመሥሪያ ቤቶች ጸሐፊና የሒሳብ ሠራተኛ ማፍራት ስለነበር ወንበሩ ይበቃ ነበር። ከዚያ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ "የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" የሚባለውን ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት። ከዚህ ቀጥሎ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ አለ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። ስለዚያ ዘመቻ ከዘመቱት ሰዎች ብዙ ሰምቻለሁ፤ ደስታም አለበት፣ እንባም አለበት፤ የዛሬ ርእሴ ስላልሆነ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልያዝ። እነዚያ ተማሪዎች የሄዱበት ቦታ ከርመውበታል። የሰውን ስም ያውቃሉ፤ ማን ከማን እንደተበደረ ያውቃሉ፤ ክረምት ሲገባ የቱ መንገድ እንደሚቆረጥ ያውቃሉ። እኛ ሁለት ሰዓት ነው የምንቆየው። ሁለት ሰዓት! ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓቷን ጥበቃው ይወስዳታል።

አሁን ስለ አንድ በደል ልንገራችሁ። የበደልሁት እኔ ነኝ።

ተመርቄ የተቀጠርሁት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ነው። ኅዳር ላይ ሺህ ኩንታል በቆሎ ተገዝቶ መጋዘን ገባ። መጋቢት ላይ ቆጠራ አደረግን። ሚዛኑ ያወጣው 945 ኩንታል ነው። 55 ኩንታል የለም። እኔ አዲስ ምሩቅ ነኝ፤ ክራባት አስሬአለሁ፤ መዝገቡ በእጄ ነው። መዝገቡ ሺህ ይላል፣ ሚዛኑ 945 ይላል፤ ስለዚህ ሌባ አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በማስታወሻዬ ላይ "55 ኩንታል ጉድለት ተገኝቶባቸዋል" ብዬ ጻፍሁና ለሥራ አስኪያጁ አቀረብሁ። ዋጋው ከደመወዛቸው በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ጋሼ አልተቆጡም። "ልጄ፣ ጆንያውን ቆጥረኸዋል?" አሉኝ። "ጆንያ ሳይሆን ኪሎ ነው የምቆጥረው" አልኋቸው። ይህን ስል የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጆንያው ግን አንድም አልጎደለም ነበር። ሁሉም አፉ እንደተሰፋ ነው። አፉ ከተሰፋ ጆንያ ውስጥ ሌባ እንዴት አድርጎ 55 ኩንታል ይወስዳል? ብዬ አልጠየቅሁም። ለምን ብዬ? መዝገቡ ተናግሯል።

በዓመቱ ኅዳር ሲደርስ አዲሱ በቆሎ መግባት ጀመረ። አንድ የወፍጮ ሠራተኛ እጄን ይዞ ወሰደኝና ከሚራገፈው ጆንያ አንድ ፍሬ አንሥቶ "ንከሰው" አለኝ። ነከስሁት፤ ጥርሴ ሰመጠበት። ቀጥሎ ከአምናው የተረፈ ፍሬ ሰጠኝ። ነከስሁት፤ ጠጠር ነው፤ ቀጭ አለ። "ገባህ?" አለኝ። ገባኝ። ማታ ቤቴ ሄጄ አሰላሁት። ሺህ ኩንታል በቆሎ 17 ከመቶ እርጥበት ይዞ ቢገባና 12 ከመቶ እስኪሆን ቢደርቅ የሚቀረው 943 ኩንታል ገደማ ነው። ውኃው በነነ እንጂ የወሰደ ሰው የለም። እንዲያውም ጋሼ ከሚጠበቀው ሁለት ኩንታል አትርፈው ነበር ያስረከቡኝ።

ያን ጊዜ ለወራት ተቆርጦባቸዋል። ደብዳቤ ጽፌ ገንዘቡ ተመለሰላቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? "ካንተ በፊት የነበረውም ልጅ እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። እርሱ ግን ሳይነክሰው ሄደ።"

ልጆች፣ እኔ አራት ዓመት ሒሳብ ተምሬ፣ ፋብሪካ ጎብኝቼ፣ 18 ከ20 አግኝቼ አንድ የበቆሎ ፍሬ ነክሼ አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ጉብኝቱ ላይ የማፌዘው። ጉብኝትን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የማኅበረሰብ አገልግሎት። በሕጉ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሦስት ነው፤ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ምን ሆኖ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ባነር ይታተማል። ቲሸርት ይሰፋል። አንድ ጊዜ በጀቱን ሳይ ለቲሸርት የወጣው ለሚረዱት ሰዎች ከተመደበው ይበልጥ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ከዚያ አንዲት እናት መካከል ላይ ይቆማሉ፤ ሳሙናና ዘይት ይያዙና ፎቶ ይነሣሉ። ጎበዝ፣ እናታችሁ እንዲህ ሆነው ቢነሡ ደስ ይላችኋል?

በኮሌጃችን ይህ እንዳይሆን ብለን ከአራት ዓመት በፊት በሙያችን እናግዝ ተባባልን። አሥራ አንድ ሆነው በማኅበር እንጀራ እየጋገሩ ለሆቴሎች የሚያስረክቡ እናቶች ነበሩ። ተማሪዎቻችን ተዘጋጁ። አሥራ ሁለት ዓምድ ያለው የገቢና የወጪ ቅጽ ሠሩ፤ ባለ ቀለም አሳተሙት። እኔም አየሁት፣ አመሰገንሁ፣ ፈረምሁበት።

ከእናቶቹ ለአንዷ፣ ሁሉም እትዬ ለሚሏቸው፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ተመደበች። ልጅቱ ቅጹን አስረድታ ስትጨርስ እትዬ "በጣም ያምራል" አሉና አጥፈው አስቀመጡት። ቀጥለው ከመደርደሪያ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አወረዱ። አንደኛው ጣሳ ውስጥ ቦለቄ አለ። ለሆቴሉ አሥር እንጀራ ባስረከቡ ቁጥር አንድ ቦለቄ ይጨምራሉ። ሲከፈላቸው በተከፈለው ልክ ያወጣሉ። ሁለተኛው ጣሳ ውስጥ በቆሎ አለ፤ እርሱ እሳቸው ያለባቸው ዕዳ ነው፤ የጤፉ፣ የማገዶው። መዝገቡ ይኸው ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነበው መዝገብ።

ልጅቱ ብልህ ናት። ቅጿን ትታ በማግስቱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ምጣዱ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ሳምንት እንዲህ አደረገች። ጢሱ ዓይኗን አቅልቶት ክፍል ስትገባ አልቅሳ የመጣች መስሎን ነበር። ጤፉን፣ ማገዶውን፣ ውኃውን፣ ባጃጁን፣ የተበላሸውን እንጀራ ሁሉ ጻፈች። ትርፍ ሊኖር ይገባ ነበር፤ ትንሽ ቢሆንም። ግን የለም። የት ሄደ? በመጨረሻ የቦለቄውን ጣሳ አነሣችው። ሙሉ ነው፤ ከብዷል።

"እትዬ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ሆቴሉ ያለበት ነዋ።"

ሆቴሉ የሚከፍለው በወር ነው፤ አንዳንዴም በአርባ አምስት ቀን። እስከዚያ እትዬ ለነገው ጋገራ ጤፍ ይፈልጋሉ፣ ገንዘብ ግን ቦለቄ ሆኖ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ጤፉን በዱቤ ያነሣሉ። እህል ነጋዴው በዱቤ ሲሆን ዋጋ ይጨምራል። ትርፏ ያለቀችው እዚያ ላይ ነው።

ልጅቱ ለአፍታ አሰበችና "እትዬ፣ እርስዎ እኮ ለሆቴሉ እያበደሩት ነው" አለቻቸው።

እትዬ ሳቁ። "እኔ? ለሆቴል?" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና "ታዲያ ወለዱስ የት አለ?" ብለው ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሳስተምር ከተማሪ አልሰማሁትም። ከእኔም አፍ አልወጣም።

አሁን እስኪ ልጠይቃችሁ፤ በዚያ ሳምንት ማን ማንን አገለገለ? ልጅቱ "ተሰብሳቢ ሒሳብ" የሚለውን፣ ሸጠን ገና ያልተከፈለንን ገንዘብ ማለት ነው፣ በመጀመሪያ ዓመት ተምራ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው ግን ጣሳውን ስታነሣ ነው። ያ ባለ ቀለም ቅጽ መጨረሻው ምን ሆነ ካላችሁኝ፣ ልጆቻቸው የደብተር ልባስ አደረጉት። ወረቀቱ ጥሩ ነበር።

ይህን ስናገር ግን ተረት አስመስዬ እንዳላሳምረው። ወደ እነዚያ እናቶች ከእኛ በፊት ሁለት ጊዜ ሌሎች ተማሪዎች መጥተው ሥልጠና ሰጥተዋል። አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡም። እትዬ መጀመሪያ ቀን ልጅቱን "አንቺስ ስንት ቀን ነሽ?" ብለው ነበር የተቀበሏት። ቀን የሚቆጠርለት እንግዳ ሆናችሁ አትሂዱ።

ሦስተኛው ነጥብ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። እትዬ እንጀራ የሚያስረክቡበትን ያን ሆቴል እኛ ከዚያ ሳምንት ሁለት ወር ቀደም ብለን ጎብኝተነው ነበር። እኔ ነኝ ተማሪዎቹን የወሰድኋቸው። የፋይናንስ ኃላፊው በክብር ተቀብሎ አስጎበኘን። "አቅራቢዎቻችንን የምንከፍለው በሠላሳ ቀን ነው፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘባችን እጃችን ላይ ይቆያል፤ ከባንክ መበደር አያስፈልገንም" አለን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ! በሪፖርታችን "ጠንካራ ጎን" በሚለው ሥር አንደኛ አድርገን ጻፍነው። ልጅቱም ከጸሐፊዎቹ አንዷ ነበረች።

አያችሁት? ገንዘቡ አንድ ነው። በሆቴሉ መዝገብ ተከፋይ ሒሳብ፣ ማለትም ገና ያልተከፈለ ዕዳ፣ ይባላል። በእትዬ ጣሳ ቦለቄ ይባላል። በየትኛውም የሒሳብ መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያለው ነገር ነው፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱን ብቻ የጻፈ ሒሳቡን አልዘጋም። ይህን ለተማሪ እናስተምራለን፣ እንፈትናለን፣ እንጥላለን። የራሳችንን መርሐ ግብር ግን እንዴት አድርገን ነው የሠራነው? ግማሹን ተማሪ ወደ ሆቴሉ፣ ግማሹን ወደ እትዬ! ከሆቴል የተመለሰው "የገንዘብ አያያዛቸው የሚደነቅ ነው" ይላል። ከእትዬ ቤት የተመለሰው "ድሆች ናቸው፣ የሒሳብ ዕውቀት የላቸውም" ይላል። አንድ ታሪክ ለሁለት ቀደን ለሁለት ክፍል አደልነው።

መቼስ እዚሁ ሐዋሳ ተቀምጠን የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሳላነሣ ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሄድን! ሪፖርቶቻችንን መልሼ አንብቤአቸዋለሁ። በአጭር ጊዜ መገንባቱ አለ። ፍሳሽ ወደ ውጭ ሳይለቅ ውኃውን አጣርቶ መልሶ እንደሚጠቀም አለ። የተፈጠረው የሥራ ዕድል አለ። የአሜሪካ ቀረጥ ነጻ ዕድል፣ አጎአ የሚባለው፣ አለ። አንዱም ሐሰት አይደለም።

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ስለዚሁ ስለ ሐዋሳ ነው። የአዲስ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ልጆቹ በዚያ ገንዘብ መኖር እንደሚከብዳቸው፣ በብዛት እየለቀቁ እንደሚሄዱም ጻፈ። የፋብሪካዎቹንም ጭንቀት አልተወም፤ ያሠለጠኑት ሠራተኛ ይሄድባቸዋል፣ ምርታማነቱ እንዳሰቡት አልሆነም። ዓለም አነበበው። አጥኚው ማን ነበር? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። ልብ በሉ፤ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። እንደ እኛው። አትላንቲክን ተሻግሮ መጥቶ።

እኛስ? ከእነዚያ ልጆች ጋር አንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ነበሩን። ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሌሊት ሲያስሉ ይሰማማሉ። አከራያቸው አንድ ሰው ነው፤ ኪራይ ሲጨምር በሁለቱም ላይ ነው የሚጨምረው። አንድ ተማሪ እንኳ "ጎረቤቴ ከደመወዟ ስንቱን ለቤት ኪራይ ትከፍላለች?" ብሎ አልጻፈም። ተማሪዎቹን አልወቅስም። እኛ መቼ ጠየቅናቸው? ፓርኩ "ኢንዱስትሪ" ነው፣ ኪራይ ቤቱ "ማኅበረሰብ" ነው፤ መርሐ ግብሩ ይለያያል።

አጎአንም እንዲሁ "መልካም አጋጣሚ" በሚለው ሥር ጽፈን አለፍን። ቢነሣስ? ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ላይ ተነሣ። በፓርኩ ስሙ ጎልቶ ይጠራ የነበረው የአሜሪካው ልብስ አምራች ፒቪኤች ደግሞ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። በአንድ ፊርማ ላይ የቆመ ንግድ ፊርማው ሲፋቅ ምን እንደሚሆን በጎረቤቶቻችን ኪራይ ላይ አየነው። እቃቸውን በፌስታል ይዘው መናኸሪያ የቆሙ ልጆች አይቻለሁ። ይህ በየትኛው ትምህርት ዓይነት ውስጥ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ ሰኞ ምን ይደረግ? ምክር ማብዛት አልወድም። ለኮሌጁ ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና አለኝ፤ ትናንት ማታም ተነጋግረንበታል። ግማሽ ግማሽ የሚለው ይቅር። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተመደቡ፤ እያንዳንዱ ጥንድ የአንዱን ነገር ሁለቱንም ወገን ይይ። ሆቴል የገባ፣ ለሆቴሉ የሚያስረክበው ሰው ቤት ይግባ። የዓሣ ምግብ ቤት የጎበኘ፣ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ በስንት እንደተሸጠ ይጠይቅ። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ሰው የሚነግራችሁ ለእንግዳ የሚነገረውን ነው።

ወደ ቡናው የምትሄዱትን በተለይ ልንገራችሁ። ኅዳር ነው፤ እሸቱ እየተለቀመ ነው። በማጠቢያ ጣቢያው መፈልፈያውንና የቡና ማድረቂያ አልጋውን ያሳዩአችኋል፤ ያምራል፤ እዩት። ግን ሥራ አስኪያጁን "እሸት ቡና የምትገዙበት ጥሬ ገንዘብ ከየት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ መቼ ነው የሚመለሰው?" በሉት። የዓመቱ ግዢ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል፤ ሽያጩ ግን ገና ነው። እሸት እስከ ነገ አይቆይም፤ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የዚያን ሰው ጭንቀት ሳታዩ "ነጋዴው በዘበዘ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሸቱን በጀርባው ተሸክሞ ወዳመጣው ገበሬ ቤት ሂዱ። እንደ ቡናው ቢለያይም አንድ ኪሎ ንጹሕ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ ፈረሱላ ማለት መቶ ኪሎ ገደማ እሸት ነው። መቶ ኪሎ! በስንት ሰው እጅ፣ በስንት ቀን ተለቀመ? ልጆቹ በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤት ሄደዋል? ይህን ጠይቃችሁ ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ስትመጡ ናሙናው እርጥበቱ ሲለካ ታያላችሁ። ያን ጊዜ የእኔን ጋሼ አስታውሱልኝ።

ሪፖርቱን በተመለከተ አንድ ደንብ አውጥተናል፤ አጉረምርሙ፣ አይለወጥም። የጻፋችሁትን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለጻፋችሁላቸው ሰዎች ታነቡላቸዋላችሁ። በሚሰሙት ቋንቋ፤ ሲዳሙ አፎ ከሆነ በሲዳሙ አፎ። "እንዲህ አይደለም" ካሉ ታርማላችሁ። ሳይነበብላቸው ነጥብ የለም። ያለፈውን ዓመት መገልበጥ እንዴት እንደሚቻል እስኪ አያለሁ!

እዚህ ለተገኛችሁ የድርጅት ባለቤቶች ደግሞ፣ ማሽኑን ብቻ አታሳዩን። ሒሳብ ክፍላችሁንም ክፈቱልን። ዕዳችሁን አሳዩን። የከሰራችሁበትን ዓመት ንገሩን፤ ልጆቹ ከዚያ ነው የሚማሩት። ያ የሆቴሉ ፋይናንስ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ ከእናቶቹ ጋር አንድ ገጽ ጽፈው ሲወስዱለት "እንጀራ አቅራቢ" ከሚለው መስመር ጀርባ ማን እንዳለ አያውቅም ነበር። ገጹ ላይ የተጻፈው ቀላል ነው፦ ቶሎ ከከፈልክ ጤፍ በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን፤ በጥሬ ገንዘብ ከገዛን በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ ይህን ያህል እንቀንስልሃለን። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ሒሳብ ማሽኑን ሳበ። ክፍያው በአሥራ አምስት ቀን ሆነ። አንዳንዴ ዛሬም ሃያ ይሆናል፤ እትዬ በቦለቄ ስለሚያውቁት ደውለው ይናገሩታል። ባለፈው ሳምንት ደርሼ ነበር፤ ጣሳው ግማሽ ላይ ነው።

ሰዓቴ አልቋል፤ መድረክ መሪው እያየኝ ነው። አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዋናው በር ይነሣል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፤ ቡና ጋ የምትሄዱ ጭቃ የማይፈራ ጫማ። ቲሸርት አልታተመም። ለስላሳ የሚጠጣ በራሱ ገንዘብ ይጠጣል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋለኛው ረድፍ እንጀምር።